የፓርት ድሮዊንግ በአሴምብሊው አቅጣጫ፦ ሶሊድወርክስ በዚህ አንድ ሥራ ሲመዘን

ሶሊድወርክስን በመሰለ የማሽን ንድፍ ሶፍትዌር አንድ ፓርት፣ ማለትም የማሽን አንድ ክፍል ሞዴል፣ ለብቻው ሲሠራ የራሱ ኮኦርዲኔት ሲስተም (መነሻ ነጥብና አክሲሶች) አለው። የመጀመሪያው ስኬች (ቅርጹ የሚነሣበት የመስመር ሥዕል) የተሣለበት ፕሌን (ጠፍጣፋ ወለል) ፊቱን ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ቀዳዳና ማጠፊያ ሁሉ ይህንኑ ተከትሎ ይቀመጣል። ፓርቱ ወደ አሴምብሊ (ፓርቶቹ ተገጣጥመው ወደሚቆሙበት ሞዴል) ሲገባ ግን በሜቶች (ፓርቶችን እርስ በርስ በሚያያይዙ ማሰሪያዎች) እየተያዘ ይዞራል፣ ያጋድላል፣ ከመነሻ ነጥቡም ይርቃል። ከዚህ በኋላ ሁለት የፊት አቅጣጫዎች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ የፓርቱ፣ ሌላው የመላው ማሽን። ድሮዊንግ (ለሚሠራው ባለሙያ የሚወጣው የወረቀት ንድፍ) ላይ የፓርቱ እይታ ሲቀመጥ ሶፍትዌሩ ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ይይዛል። ለአብዛኛው ሥራ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን በማሽኑ ላይ 30 ዲግሪ አጋድሎ የሚበየድ ድጋፍ በወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ የተሣለ እንደሆነ፣ በያጁ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደሚሆን ለማወቅ የአሴምብሊውን ድሮዊንግ ጎን ለጎን ዘርግቶ ፓርቱን በሐሳቡ ማዞር ይኖርበታል፤ ግራና ቀኙ የሚቀያየረውም እዚያ ላይ ነው።

ይህ ግምገማ ሶሊድወርክስን በጠቅላላው የሚመዝን አይደለም። የምመዝነው የአንድን ፓርት እይታ በአሴምብሊው አቅጣጫ ወደ ፓርቱ ድሮዊንግ በማምጣት ሥራ ብቻ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሥራው ይሠራል፣ በአንዳንዱ መንገድም በጣም ጥሩ ሆኖ ይሠራል፤ ሆኖም ቀጥተኛ በር የለውም፣ በየመንገዱም አቅጣጫው ተጽፎ የሚቀመጥበት ፋይል ይለያያል። የተጻፈው በፓርቱ ፋይል ነው፣ በአሴምብሊው ነው ወይስ በድሮዊንጉ የሚለው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ከወራት በኋላ የአሴምብሊው አንድ ማዕዘን ሲለወጥ ድሮዊንጉ አብሮ መዞሩን ወይም ማንም ሳያውቅ ወደ ኋላ መቅረቱን የሚወስነው ይህ ነው።

ፍላጎቱ ራሱ የቆየ ነው። የአውሮፕላን ንድፍ ሠሪዎች ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ የእያንዳንዱን ክፍል ቦታ በመላው አውሮፕላን መለኪያ ይጠሩታል፤ ርዝመቱን ተከትሎ የፊውዝላጅ ስቴሽን፣ ከመሐል መስመር ወደ ግራና ቀኝ የበት ላይን፣ ከታች ወደ ላይ ደግሞ የዋተር ላይን ቁጥር አለ። የመኪና አካል ፓርቶችም በመኪናው ኮኦርዲኔት ሲስተም ሞዴል ይደረጋሉ፤ ድሮዊንጎቻቸው ብዙውን ጊዜ በየ100 ሚሊሜትሩ የተሰመረ ፍርግርግ ስላለባቸው አንድ የበር ላሜራ ለብቻው ቢታይም በመኪናው ላይ የት እንደሚውል ከወረቀቱ ይነበባል። የተበየደ ፍሬም፣ የቧንቧ መስመር ቁራጭ፣ በሁለት አቅጣጫ ያጋደለ የእህል ወይም የአሸዋ ማንሸራተቻ የሚሠራ ሰውም ከዚህ ወገን ነው። በሌላው ወገን ዘንግ፣ ጥርስ ያለው ጎማና ፍላንጅ አሉ፤ እነዚህን የሚሠራው የቶርኖ ባለሙያ ፓርቱ በማሽኑ ላይ ስንት ዲግሪ እንዳጋደለ ማወቅ አያስፈልገውም፣ የሚፈልገው የፓርቱን የራሱን አክሲስ ነው። የቴክኒክ ንድፍ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይ ኤስ ኦ 128ም ዋናው እይታ ስለ ፓርቱ የበለጠ የሚናገረው እንዲሆን፣ ሲመረጥም ፓርቱ የሚሠራበት፣ የሚመረትበት ወይም የሚገጠምበት አቀማመጥ ከግምት እንዲገባ ይላል እንጂ አንዱን ብቻ አያዝም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም በእኩል ቅለት ሊያቀርብ ይገባል፤ የምመዝነውም በዚህ ነው።

ሶሊድወርክስ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1995 ገበያ ላይ የዋለ፣ ከ1997 ጀምሮም በዳሶ ሲስተምስ ሥር ያለ ሶፍትዌር ነው። በድሮዊንግ ላይ የሞዴል እይታ ሲገባ የሚቀርበው ምርጫ የፊት፣ የላይ፣ የጎን፣ አይዞሜትሪክ (ሦስት ገጾችን በአንድነት ከማዕዘን የሚያሳይ) እና የመሳሰሉት መደበኛ እይታዎች፣ ከእነርሱም ጋር በፓርቱ ውስጥ ስም ተሰጥቷቸው የተቀመጡ እይታዎች ናቸው። ኮኦርዲኔት ሲስተም ግን በሠራሁባቸው እትሞች በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ይህ የሚያሳዝነው ተጠቃሚው በፓርቱ ውስጥ የፈለገውን ያህል ኮኦርዲኔት ሲስተም መፍጠር ስለሚችል ነው፤ ከ2022 እትም ጀምሮ እንዲያውም ቦታውንና መዞሩን በቁጥር ጽፎ ማስገባት ይቻላል። የፓርቱ የክብደት ማዕከል በእርሱ ይሰላል፣ ርቀት በእርሱ ይለካል፣ ወደ ስቴፕ ፋይል (ሞዴል ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ወደሚተላለፍበት ፋይል) ሲላክ መነሻው እርሱ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያገለግል ነገር ለድሮዊንግ እይታ ሲሆን በሩ ይዘጋበታል፤ ተጠቃሚውም በጎን መግባት አለበት።

የመጀመሪያው የጎን መንገድ ብዙ ሰው ሳያስብ የሚይዘው ነው፦ የአሴምብሊውን እይታ በድሮዊንጉ ላይ አስቀምጦ ከሚፈለገው ፓርት በቀር ሌላውን መደበቅ። አቅጣጫው ሁልጊዜ ሕያው ነው፤ ሜቱ ሲለወጥ እይታውም ይዞራል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የፓርቱ ድሮዊንግ ሲከፈት መላው አሴምብሊ አብሮ ይጫናል። ከሞዴሉ ጋር የተሳሰረው የርዕስ ሳጥን የፓርቱን ሳይሆን የአሴምብሊውን ስምና ክብደት ያነባል። ኋላ ወደ አሴምብሊው የሚጨመር አዲስ ፓርትም በመደበቂያው ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ በእይታው ላይ ብቅ ይላል። የርዕስ ሳጥኑ ችግር መፍትሔ አለው፤ በዚያው ገጽ ላይ የፓርቱን የራሱን አንድ አይዞሜትሪክ እይታ አስቀምጦ በገጹ ንብረቶች ውስጥ መረጃው ከዚያ እይታ እንዲወሰድ ማዘዝ ይበቃል። የቀረው ግን አይፈታም። ለአንድ ጊዜ ሥራ፣ ለምሳሌ ለጥገና ለሚወጣ ቶሎ የሚያረጅ ወረቀት፣ ይህን መንገድ እቀበለዋለሁ፤ እትም ቁጥር ይዞ ለዓመታት ለሚኖር የፓርት ድሮዊንግ ግን አልመክረውም።

ሁለተኛው መንገድ ከድሮዊንግ ዘዴዎቹ ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ነው። በአሴምብሊው ውስጥ መጀመሪያ እይታውን በኮንትሮል እና በ1 ቁጥር ቁልፍ ወደ ፊት ማቅናት፣ ከዚያ ፓርቱን ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ኦፕን ፓርት ኢን ፖዚሽን» የሚለውን መምረጥ ነው። ፓርቱ በራሱ መስኮት ሲከፈት እንደወትሮው ወደ ራሱ አቅጣጫ አይመለስም፤ በአሴምብሊው ውስጥ ይታይ እንደነበረው አጋድሎ ይቆማል። አንዳች ነገር ሳይነኩ ስፔስ ባርን ተጭኖ አዲስ እይታ መፍጠርና ስም መስጠት ነው። ድሮዊንጉ ላይ የሞዴል እይታ ሲገባ ያ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ከእርሱ ላይ ፕሮጀክትድ እይታዎች (ከአንድ እይታ ተነሥተው የሚወጡ የላይና የጎን እይታዎች) ሲወጡ ላዩም ጎኑም በአሴምብሊው አቅጣጫ ስለሚመጡ ለአንድ ድሮዊንግ አንድ የተቀመጠ እይታ በቂ ነው። ምንም ስሌት የለም፣ ምንም ተጨማሪ ፕሌን የለም፣ ፓርቱም ከአሴምብሊው ጋር አይታሰርም፤ ድሮዊንጉን የሚከፍት ሰው የሚያስፈልገው የፓርቱ ፋይል ብቻ ነው። ክፍሎችን በውጭ ወርክሾፕ ለሚያሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ነፃነት ይመነጫል። የተቀመጠው እይታ የዚያች ሰዓት አቅጣጫ ነው። የድጋፉ ማዕዘን ከ30 ወደ 35 ዲግሪ ቢለወጥ እይታው በ30 ይቀራል፤ ሶፍትዌሩም አቅጣጫው ጊዜው ያለፈበት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አያወጣም። ልኬቶቹ የፓርቱ ስለሆኑ ስህተት አይሆኑም፤ ስህተት የሚሆነው ወረቀቱ ስለ አቀማመጡ የሚናገረው ነው፣ ይህም በልኬት ምርመራ የማይያዝ ዓይነት ስህተት ነው። ስለዚህ የእይታው ስም «እይታ1» ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የአሴምብሊውን ቁጥርና አቅጣጫውን መያዝ አለበት። ፓርቱ በሁለት አሴምብሊዎች ውስጥ ቢገባ ሁለት ስሞች ይኖሩታል፣ ከድሮዊንጉ እይታ በታችም የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፋል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ቦታ ላይ የፓርቱን መደበኛ እይታዎች ራሳቸውን ወደ አዲሱ አቅጣጫ ይለውጣሉ፤ ሶፍትዌሩም ይፈቅዳል። ይህን ግን በብርቱ እቃወማለሁ፤ በዚያ ፓርት ላይ ቀድሞ የተሠራ ድሮዊንግ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዞራል፣ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ የሚያልፈውም አንድ ሰው ሲሆን የሚጎዱት ሌሎቹ ናቸው።

አቅጣጫው ማዕዘኑን ተከትሎ እንዲዞር ለሚፈልግ ሰው ሦስተኛው መንገድ ሪለቲቭ ቪው የሚባለው ነው። ሁለት እርስ በርስ ቀጥ ማዕዘን የሚሠሩ ገጾች ወይም ፕሌኖች ይመረጣሉ፤ አንዱ «ፊት»፣ ሌላው ለምሳሌ «ላይ» ይባላል፣ እይታውም በእነርሱ ይቆማል። ያጋደለ ፓርት ከአሴምብሊው ፕሌኖች ጋር ትይዩ የሆነ ገጽ ከሌለው በፓርቱ ውስጥ ሁለት ረዳት ፕሌኖችን መፍጠር ያስፈልጋል። ፕሌኖቹ በፓርቱ ውስጥ በተጻፈ ማዕዘን ከቆሙ ማዕዘኑን ሲለውጡ እይታው ይዞራል። ፓርቱ በአሴምብሊው ውስጥ ሆኖ ሲስተካከል ከአሴምብሊው ፕሌን ጋር ከታሰሩ ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ይከተላሉ። እዚህ ላይ ግን የፓርቱ ዛፍ (ፓርቱ የተሠራባቸው ደረጃዎች ዝርዝር) ላይ የቀስት ምልክት ይመጣል፤ ፓርቱ ከውጭ ፋይል ጋር ተሳስሯል ማለት ነው፣ አሴምብሊው ሳይከፈት ሲቀርም ከቀስቱ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ይጨመርበታል። ለአንድ የድሮዊንግ እይታ ሲባል ፓርቱን በአሴምብሊ ማሰር ይገባል ወይ የሚለው እንደ ሥራው ነው። ፓርቱ የአንድ ማሽን ብቻ ከሆነ፣ ቅርጹም በጎረቤቶቹ የሚወሰን ከሆነ፣ አስቀድሞ ታስሯልና አንድ ፕሌን ቢጨመር የሚብስ ነገር የለም። በብዙ ማሽኖች ውስጥ የሚገባ ፓርት ከሆነ ግን ማዕዘኑን በፓርቱ ውስጥ በቁጥር መያዝ ይሻላል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ቀላል ሁኔታ አለ። ማጋደሉ የሆነው ከወረቀቱ ጋር ቀጥ ማዕዘን በሚሠራ አክሲስ ዙሪያ ብቻ ከሆነ፣ እይታውን በገጹ ላይ በ30 ዲግሪ ማዞር በቂ ነው፤ ለዚህም ትዕዛዝ አለ። የላቀ ብልሃት መፈለግ የሚጀመረው ፓርቱ ወደ ተመልካቹ ወይም ከተመልካቹ ሲያጋድል ነው።

በዚያ ጊዜ ደግሞ የልኬት ጉዳይ ይነሣል፤ በእኔ አመለካከት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። 500 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከወረቀቱ ጋር በ30 ዲግሪ ሲያጋድል በእይታው ላይ 433 ሚሊሜትር ሆኖ ይታያል። ክብ ቀዳዳዎች ሞላላ ይሆናሉ፣ ቀጥ ማዕዘኖችም አንዱ ጎናቸው ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ካልሆነ ቀጥ ማዕዘን መሆናቸውን ያጣሉ። ሶሊድወርክስ በእይታው ንብረት ውስጥ ልኬቱ የታየው ይሁን ወይስ እውነተኛው የሚል ምርጫ አለው፤ በቀጥተኛ እይታዎች ላይ ካልተለወጠ የታየውን ይሰጣል፣ በአይዞሜትሪክ ላይ ደግሞ እውነተኛውን። ምርጫውን ቀይሮ አጥሮ በሚታየው መስመር ላይ 500 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ወረቀቱን በዓይኑ የሚለካና በአእምሮው የሚያስተካክል ባለሙያ ይህን ሲያይ መጠራጠሩ አይቀርም። የተሻለው አሠራር በአሴምብሊው አቅጣጫ የቆመው እይታ አቀማመጡን፣ የማጋደያ ማዕዘኑንና ከማሽኑ ወለል ያለውን ከፍታ ብቻ እንዲሸከም ማድረግ፣ የማምረቻውን ልኬት ሁሉ ግን እውነተኛ ቅርጹ በሚታይበት እይታ ላይ ማኖር ነው። ማጋደሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ከጠርዙ ላይ የሚወጣ አውግዚለሪ እይታ (ያጋደለውን ገጽ ፊት ለፊት የሚያሳይ ረዳት እይታ) ይበቃል። በሁለት አቅጣጫ ከሆነ ከአውግዚለሪው ሌላ አውግዚለሪ ማውጣት የድሮው የወረቀት ዘዴ ነው፤ ዛሬ ግን የፓርቱን የራሱን የፊት እይታ በዚያው ገጽ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል። ሁለቱ የእይታ ቤተሰቦች በአንድ ገጽ ላይ ሲኖሩ ሶሊድወርክስ በሚገባ ያስተናግዳቸዋል፤ የትኛው የማን አቅጣጫ እንደሆነ በጽሑፍ መለየት የንድፍ ሠሪው ድርሻ ነው።

አንድ ፓርት በአሴምብሊው ውስጥ አራት ጊዜ በአራት ማዕዘን ቢገባ አቅጣጫው የትኛው ነው? ሶፍትዌሩ የተመረጠውን አንዱን ይወስዳል፣ የትኛው እንደነበረም በድሮዊንጉ ላይ አይጽፍም። እንዲህ ላለው ፓርት በመሠረቱ የራሱ አቅጣጫ ይሻለዋል እላለሁ። የመስታወት ግልባጭ የሆነ የግራና ቀኝ ጥንድ ግን በተቃራኒው ነው፤ ሁለቱ ለየራሳቸው ድሮዊንግ ተሰጥቷቸው በአሴምብሊው አቅጣጫ ሲቆሙ ማን የትኛው ጎን እንደሆነ ሲታይ ወዲያው ይለያል፣ ግራው በቀኝ ቦታ የመገጠም ዕድሉም በጣም ይቀንሳል።

አራተኛው መንገድ የድሮዊንግ ዘዴ አይደለም፣ የሞዴል አሠራር ነው፦ ፓርቱን ከመጀመሪያው በአሴምብሊው መነሻ ነጥብና አክሲሶች ላይ መሥራት። መላው ማሽን ከአንድ አጽም ስኬች ይወጣል፣ እያንዳንዱ ፓርትም ወደ አሴምብሊው ሲገባ መነሻ ነጥቡ በመነሻ ነጥቡ ላይ ያርፋል። የፓርቱ የፊት እይታ የማሽኑ የፊት እይታ ይሆናል፣ ከላይ የተነጋገርንበት ሁሉ አያስፈልግም። ሶሊድወርክስ ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው፤ በአንድ ፋይል ብዙ አካላትን ሠርቶ ወደየፓርታቸው መለየትም ይቻላል። ክፍያው የሚመጣው በማምረቻው በኩል ነው፤ ማሽኒስቱ ፓርቱን ከጠረጴዛው ላይ የሚያሲዝበት አቅጣጫ ከሞዴሉ አክሲስ ጋር ስለማይገጥም በፓርቱ ውስጥ ሁለተኛ ኮኦርዲኔት ሲስተም ተፈጥሮ የስቴፕ ፋይሉ በእርሱ ይላካል። ለብሎን፣ ለቦልቤርና በብዙ ቦታ ለሚደጋገም ነገር ሁሉ ግን ይህ መንገድ አይሆንም። ተበይዶ ለሚወጣ ፍሬምና ለላሜራ ሥራ ከአራቱ አንደኛ አድርጌ የማስቀምጠው ይህን ነው።

ለማነጻጸር ያህል ፍሪካድን ልጥቀስ። በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፣ በኅዳር 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣው 1.0 እትሙም የራሱን የአሴምብሊ ክፍል ይዞ መጥቷል። የድሮዊንግ ክፍሉ ቴክድሮው ይባላል፤ እያንዳንዱ እይታ ሁለት ቬክተሮች (በሦስት ቁጥር የሚጻፉ አቅጣጫዎች) አሉት፣ አንደኛው ከፓርቱ ወደ ተመልካቹ የሚያመለክት፣ ሁለተኛው በወረቀቱ ላይ ወደ ቀኝ የሚሆነውን አቅጣጫ የሚናገር። ሁለቱም በቁጥር ይጻፋሉ። ፓርቱ በአሴምብሊው ውስጥ በዜድ አክሲስ ዙሪያ 30 ዲግሪ ዞሮ ከሆነ፣ የአሴምብሊው የፊት እይታ አቅጣጫ፣ ማለትም 0፣ −1፣ 0፣ በፓርቱ ኮኦርዲኔት ሲስተም −0.5፣ −0.866፣ 0 ይሆናል፤ ወደ ቀኝ የሚያመለክተው ደግሞ 0.866፣ −0.5፣ 0። ስሌቱ የመዞሪያውን ማትሪክስ ገልብጦ ከማባዛት አያልፍም። በዚህ አሠራር አቅጣጫው በድሮዊንጉ ገጽ ራሱ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ፓርቱ አይነካም፣ ከዓመታት በኋላ የመጣ ሰውም ቁጥሩን አንብቦ ከአሴምብሊው ጋር ማመሳከር ይችላል። ለለመደ ሰው ግልጽነቱ ያስደስታል፤ ቬክተር ለማይወድ ሰው ግን የሶሊድወርክስ ሁለት ክሊክ ይመረጣል፣ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ አንድ የመደመር ምልክት በመቀነስ ቢሳሳት ፓርቱ ከተሳሳተ ጎን ይታያልና።

ከሶሊድወርክስ ቀጣይ እትሞች የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የሞዴል እይታ በሚገባበት ዝርዝር ውስጥ በፓርቱ ያሉት ኮኦርዲኔት ሲስተሞች ከመደበኛ እይታዎቹ በታች እንዲቀርቡ ነው፤ የተጠቃሚው ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷልና የቀረው ማሳየት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ በ«ኦፕን ፓርት ኢን ፖዚሽን» የተቀመጠ እይታ የመጣበትን አሴምብሊና የትኛው ቅጂ እንደነበረ አብሮ እንዲመዘግብ፣ አሴምብሊው ሲከፈትም ማዕዘኑ ተለውጦ ከሆነ በድሮዊንጉ ላይ ምልክት እንዲያወጣ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ በአሴምብሊው ውስጥ ማዕዘን የለወጠ ሰው የፓርቱን የተቀመጡ እይታዎች ራሱ ከፍቶ ማየትና እንደ አዲስ ማስቀመጥ አለበት።